የነፍስ አባቴ ባሕር ዛፍ

ቤታችን ላሊበላ ውስጥ ዳገቱ ላይ ነው። ከእኛ በላይ የነፍስ አባታችን ብቻቸውን ይኖራሉ። ከግቢያቸው ጠርዝ ላይ ራሳቸው የተከሉት አንድ ባሕር ዛፍ ነበር። እኛ ቤት ስንሠራ ገና ቀጭን ነበር፤ ከዓመት ዓመት ወፈረ፣ ረዘመ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ዝናቡ አፈሩን ሸርሽሮ ሥሩን አወጣውና ወደ እኛ ጣሪያ ይዘም ጀመር።

ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ግንዱ ሲንቋቋ እሰማ ነበር። የአራት ዓመቷ ልጃችን አልጋ ልክ በዛፉ አቅጣጫ ስለነበር ወደ ጓዳ አዛወርነው። ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ወጥቶ አነጋገራቸው። ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«‹ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ምን አደረጋችሁ?› ነው ያሉኝ። ቀበሌ እንክሰሳቸው» አለ።

«የነፍስ አባትህን ከሰህ ለማን ልትናዘዝ ነው?» አልሁት።

ቀበሌ መሄዱን ተወው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ከእሱ ይልቅ ተቆጥቼ ነበር። ልጄን ያጠመቁ ቄስ አናቷ ላይ ያንዣበበውን ዛፍ ማየት እንዴት አቃታቸው?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጬ የልጄን ፀጉር እየሠራሁላት ሳለ ጣሪያው ጮኸ። ሮጬ ስገባ፣ ክንድ የሚያክል ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን ቀዶ አልጋዋ የነበረበት ቦታ ላይ ወድቋል። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ቅርንጫፉን እየጎተትሁ ዳገቱን ወጣሁ።

ቄሱ ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቅርንጫፉን እግራቸው ሥር ጣልሁት።

«አባ፣ ይመልከቱ! ልጄን ሊገድልብኝ ነበር!»

ደንግጠው ብድግ አሉ። «ተጎዳች እንዴ?»

«እግዜር ጠበቃት።»

«ተመስገን» ብለው ወደ እኔ ሲራመዱ ቅርንጫፉ ጠለፋቸው። ክንዳቸውን ባልይዝ ኖሮ በግንባራቸው ይደፉ ነበር። ቀና ብለው ሊያዩኝ ሞከሩ፤ ዓይናቸው ግን ከትከሻዬ በላይ ባዶውን ያይ ነበር። ብሌናቸውን ነጭ ነገር ሸፍኖታል። ለካ ሁልጊዜ መስቀል ልሳለም ስጠጋ አንገቴን ደፍቼ ስለሆነ ዓይናቸውን በቅጡ አይቼው አላውቅም።

«አባ… አያዩም?»

«ብርሃንና ጥላ እለያለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቅዳሴውን በቃሌ እወጣዋለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ከአገልግሎት ያስቀሩኛል።»

«ዛፉስ?»

«እኔ የማውቀው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው።»

ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። እጃቸውን ይዤ ወደ ግቢው ጠርዝ ወሰድኋቸው። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ሥሩ አጠገብ ከተሰነጠቀው መሬት ላይ እንዲያሳርፉ አደረግሁ። ነፋስ መጣ። ስንጥቁ ከፈት አለ፤ መልሶም ገጠመ። እሳት እንደ ነካው ሰው እጃቸውን ሳቡ።

«ይተነፍሳል እኮ!» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ባልሽን ዋሾ አደረግሁት። ይቅር በሉኝ፣ ልጄ።»

«እኔም በልቤ ስንት ነገር ብዬዎታለሁ፣ አባ።»

«እሱን ስትናዘዢ ትነግሪኛለሽ» አሉና ሳቁ።

ሰኞ የሰፈሩ ወንዶች ገመድና መጋዝ ይዘው መጡ። አንዱ ላይ ድረስ ወጥቶ ቅርንጫፎቹን መለመለና ገመዱን አናቱ ላይ አሰረው። ሌሎቹ ወደ ቄሱ ግቢ ሳቡ፤ ከፊት ባለቤቴ ነበር። መጋዙ ግንዱን ሊጨርስ ሲል ዛፉ ወደ ቤታችን ያጋደለ መሰለኝ። ልጄን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንሁ። መሬቱ ተናወጠ። ስገልጥ ዛፉ በግቢያቸው ተጋድሟል፤ የዶሮ ቤታቸውንም ደፍጥጦታል።

«ዶሮዎቹስ?» ብለው ቄሱ ጮኹ።

ዶሮዎቹ አጥሩ ሥር ተሰብስበው ይንጫጩ ነበር። ገመድ የያዘው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ባለቤቴም ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸው ደግሞ አንገቱን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

ምስጢራቸውን ጠበቅሁ፤ ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥሁም። «ዓይንዎን ይታዩ» እያልሁ ስለምናቸው ሰነበትሁ። መጀመሪያ «እርጅና መድኃኒት የለውም» ይሉ ነበር፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። ለባለቤቴም ራሳቸው ነገሩትና በባጃጁ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሙም «የዓይን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል» አላቸው። በቀጠሯቸው ቀን አንዱ ዓይናቸው ተሠራ።

ፋሻው በተነሣ ማግስት ልጄን ይዤ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ግቢያቸው ጠርዝ ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ።

«ይኼ ሁሉ ቤት መቼ ተሠራ?» አሉኝ። «ያ ሰማያዊው ጣሪያ የማን ነው?»

ልጄ እጃቸውን ይዛ እየጠቆመች መለሰችላቸው፤ ግማሹን ከራሷ ፈጥራ ነበር። እሳቸው ግን የነገረቻቸውን ሁሉ «እንዲህ ነው?» እያሉ ተቀበሏት። ሁለተኛው ዓይናቸው ከገና በኋላ ይሠራል ተብሏል።