ቡናማው ብልቃጥ

ቤተ ሙከራ የገባሁ ቀን ያጠፋሁት ጥፋት እስከ ዛሬ ይነገርብኛል። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ አቀበቱ ላይ ያለ አንድ የምርምር ክፍል በረዳትነት ቀጥሮኝ ነበር። አለቃዬ ዶክተር ሰናይት ሁለት ብልቃጥ ሰጥተውኝ ወጡ። አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ቡናማ ፈሳሽ የያዘ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ አይቼ ማለፍ አልችልም። ቡናማውን ደፋሁና ብልቃጡን አጥቤ ዘቅዝቄ አስቀመጥኩት።

«ቡናማው የታለ?» አሉኝ ሲመለሱ።

«ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የስንት ቀን ሥራ መሰለሽ የደፋሽው» አሉኝ። አልጮኹብኝም፣ አስረዱኝ እንጂ።

በየሕዋሳችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የበላነውን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። እዚያ ውስጥ ብረትና ድኝ አጣምረው የያዙ ፕሮቲኖች ይገኛሉ፤ ቡናማ ያደረጋቸውም እሱ ነው። አየር ሲነካቸው ይፈርሳሉ፣ ቀለሙም ይጠፋል። ስለዚህ የምንሠራው ናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ፣ በተገጠመለት ወፍራም ጓንት እጃችንን አስገብተን ነው።

ዓመታት አለፉ፣ ተምሬ ተመራማሪ ሆንኩ። ከዕለታት አንድ ቀን ያ ፕሮቲን አየር ላይም ቀለሙን እንዲይዝ የሚያግዘው ሌላ ፕሮቲን አገኘን። ማለቴ፣ አንድ ጊዜ አየነው። ዶክተር ሰናይት ደግሞ «አንድ ጊዜ የታየ ነገር አልታየም» ባይ ናቸው። ክፍላችን በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሥራ ሊሰጥ ተወስኗል፣ የቀረን ናይትሮጅንም ለሁለት ሙከራ ብቻ ነው። ካልደገምነው የዓመታት ልፋታችን ከንቱ ሊቀር ነው።

ማይቶኮንድሪያ የምናወጣው ከበሬ ልብ ነው። ልብ ስለማያርፍ በእነሱ የተሞላ ነው፤ ትኩስ መሆን ግን አለበት። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ፣ የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። እኔም ጿሚ ነኝ። ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ጋሽ ሰዒድ ዘንድ ሄድኩ።

«ልብ ብቻ?»

«ልብ ብቻ። ዛሬ የታረደ።»

«አንገትሽ ላይ ማተብ አያለሁ፣ ወሩም ጾም ነው» ብለው ሳቁብኝ።

«ለሥራ ነው ጋሽ ሰዒድ።»

በበረዶ አሽገው ሰጡኝ። ታክሲ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ደም ያዘለውን ፌስታል አይተው ፊታቸውን አዞሩ። በጣም አፈርኩ።

ቤተ ሙከራው ስደርስ እጄ ደም ደም ሸተተኝ። በጾም ሥጋ መነካካቴ ከነከነኝ። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ አላውቅም፣ እጄን ብቻ ሳይሆን ብልቃጦቹን ሁሉ በበረኪና ፈተግኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ከልቡ ያወጣሁትን ፕሮቲን ሳጥኑ ውስጥ ብልቃጦቹ ላይ ጨመርኩት። ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ነጣ። ክው አልኩ። አየር ሳይነካው እንዴት? ባዶ የቀረውን ብልቃጥ አሸተትኩት። በረኪና። አየር የሚያደርገውን በረኪና አብሶ ያደርገዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

ልቡ ትኩስ አልነበረም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ግን በእኔ ጥፋት ጋሽ ሰዒድ ሊታሙ ነው። ብልቃጡን ይዤ ዶክተር ሰናይት ዘንድ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ብልቃጦቹን በበረኪና አጥቤያቸዋለሁ።»

ብልቃጡን ተቀብለው አሸተቱት። «አሁንም አጠብሽው?»

«አሁንም።»

«ለአንድ ሙከራ የሚሆን ቀርቶናል። ነገ ሄደሽ ልብ አምጪ። ብልቃጦቹን ግን እኔ አጥባለሁ።»

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ እትዬ ብርቄን ዳግመኛ አገኘኋቸው። «ዛሬም?» አሉኝ።

«ዛሬም እትዬ። ሥራዬ ነው፣ አልበላውም» አልኩና ፌስታሉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ብልቃጥ ከሳጥኑ አውጥተን አየር ላይ ከፈትናቸው። አጋዡ ፕሮቲን ያልተጨመረበት ከምሳ በፊት ነጣ። ሌላው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቡናማ እንደሆነ ቆየ። ዶክተር ሰናይት ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

«አሁን ታየ» አሉ።

ዕንባዬ መጣ። ባዶዎቹን ብልቃጦች ላጥብ ስነሳ «አንቺ ተቀመጪ» አሉኝና ራሳቸው ወሰዷቸው።

አዲስ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው። ከማጠባችሁ በፊት ምኑን እንደምታጥቡ፣ በምን እንደምታጥቡ እወቁ። ያጠፋችሁትን በዚያው ቀን ተናገሩ።