የእናቴ ከንፈር

እናቴ ሙሾ አውራጅ ናት። ቡሬ ዙሪያ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚላክባት እሷ ናት። እንባው እምቢ ያለው ሐዘንተኛ እንኳ እሷ አፏን ስትከፍት ይሸነፋል።

ባለፈው ክረምት የመጨረሻው መንጋጋዋ፣ የጥበብ ጥርስ የሚሉት፣ አበጠባት። አፏ እንደ ልቧ አልከፈት ብሎ የጎረቤት ለቅሶ ላይ እንደ ማንም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ወሰድኳት።

የጥርስ ሐኪሙ ራጅ አነሳትና ፊልሙን ለእኔ አሳየኝ። "ጥርሱ ተጋድሞ ነው የበቀለው፤ ሥሩ ነርቩን የነካ ይመስላል። እኔ አልደፍረውም፣ ስፔሻሊስት ይየው" አለኝ። ለዚህ አልተናደድኩበትም፤ አቅሙን የሚያውቅ ሐኪም ይባረክ። ያናደደኝ እሷን አፏን እንዳስከፈተ ወንበሩ ላይ ትቶ ከእኔ ጋር ማውራቱ ነው።

የባሕር ዳሩ ስፔሻሊስት ደግሞ ባሰ። ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

"ካወጣነው የታች ከንፈራቸው ሊደነዝዝ ይችላል፤ አንዳንዴም እንደደነዘዘ ይቀራል። ከተውነው እብጠቱ ሊመላለስባቸው ይችላል። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። ለእሳቸው ግን አትንገሪያቸው፣ ይፈራሉ። አንቺ ፈርሚ።"

ደሜ ፈላ። ሬሳ ፊት ቆማ አገር የምታስለቅስ ሴት ምኑን ነው የምትፈራው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። አደፍ ያለ ነጠላዋንና የላስቲክ ጫማዋን አይቶ ናቃት፤ እኔን ከተማ ስለምኖር ብቻ የአፏ ባለቤት አደረገኝ። "በእሷ ከንፈር እኔ አልፈርምም" ብዬው ገባሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ሰምታ ስትጨርስ የታች ከንፈሯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

"እብጠቱስ ቢመጣም ይሄዳል፣ አይዶል?"

"አዎ እማ፣ በመድኃኒት።"

"ከንፈሬ ከሄደ ግን ማን ይመልሰዋል?"

ሐኪሙ ተከትሎኝ ሲገባ ከወንበሩ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ዶክተር፣ ጥርሱ እንዳለ ይቀመጥ። ሕመሙን እችለዋለሁ። በደነዘዘ ከንፈር ግን የሰው ሬሳ አላዋርድም።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"እና፣ ምን ወሰናችሁ?" አለኝ።