ያልደመርኩት ስድስት ሰዓት

ይህን ለአባቴም ለጓደኛም ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያ ሰሚዎቼ እናንተ ናችሁ።

ኮልፌ ካለው ሆስፒታል ላቦራቶሪ የገባሁት መስታወት አጣቢ ሆኜ ነው። በማይክሮስኮፕ ማየት ማንም አላስተማረኝም፤ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እየቀረሁ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቼ ራሴ ለመድኩ። በሁለተኛው ዓመት የግርሻ ትኩሳትን ተሕዋስ፣ ያችን የተጠማዘዘች ክር፣ ከደም ውስጥ ከእኔ ቀድሞ የሚያይ አልነበረም። ዶክተር ይልማ "ነስሩ ካየው እኔ ደግሜ አላይም" ይሉ ነበር።

ዶክተር በሽተኛ ያክማሉ፣ ይመራመራሉም። ያገኙት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ የግርሻ በሽተኛ መርፌ ከተወጋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ድንገት ሽቅብ ይወጣል፤ ሊሞት የሚችለውም ያኔ ስለሆነ አጠገቡ ሰው መጥፋት የለበትም። በዚህ ሥራቸው፣ በምርምርም በሕክምናም ለላቁ ሐኪሞች ለሚሰጠው ሜዳሊያ ታጩ። ለኮሚቴው የሚላከውን ጽሑፍ በታይፕ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻው ገጽ "የላቦራቶሪውን ሠራተኞች እናመሰግናለን" ይላል። ስሜ የለም። ያን ሁሉ ደም ያየሁት እኔ፣ ስሜ የለም።

ነርሷ ሲስተር አልማዝ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ "ነስሩዬ፣ ዶክተር ሜዳሊያ ሲያጠልቁ ኮታቸውን አንተ ነህ አይደል የምትይዝላቸው?" አለችኝ። ለቀልድ ነው። እኔም ሳቅሁ። ስትሄድ ወደ ታይፑ ተመለስኩ።

ያደረግሁት ይህ ነው። ዶክተር መርፌ የወጉበትን ሰዓት የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነርሶቹ ትኩሳት የወጣበትን የሚጽፉት በእኛ። በነርሶቹ ሰዓት ላይ ስድስት እየደመርኩ አንድ ዓይነት ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። የአሥራ አንድ በሽተኞችን ሰዓት ሳልደምር ተውኩት። ለምሳሌ የአንዱ፦ መርፌ ዘጠኝ ሰዓት፣ ትኩሳት አምስት ሰዓት። አምስቱ አሥራ አንድ መሆን ነበረበት። በዚህ ሁለት ሰዓት የነበረው ልዩነት፣ ከጠዋት ዘጠኝ እስከ ከሰዓት በኋላ አምስት፣ ስምንት ሰዓት ሆኖ ተነበበ። ረስቼ ነው ልበል? አልረሳሁም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ አስቤበታለሁ። ዶክተርም ደግመው ሳያዩ ፈረሙ።

ኮሚቴው ሠንጠረዡና መደምደሚያው አይገጥሙም ብሎ መለሰው። ነገሩ የሰዓት አቆጣጠር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሜዳሊያው ለሌላ ሐኪም ተሰጥቶ ነበር። ሲስተር አልማዝ "የኔ ጽሕፈት ነው ያዋረድዎት" ብላ አለቀሰች። ዶክተር "አንቺማ እንደ ወትሮሽ ነው የጻፍሽው። ነስሩም ሰው ነው፣ ይስታል። ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አሏት።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለምን ዝም አልኩ? ፈርቼ? አይደለም። አንገታቸውን ደፍተው ማየቱ ደስ ብሎኝ ነው። እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ጥንቃቄዬን አመስግነዋል። ደብዳቤውን ተቀብዬ ገባሁበት፤ ዛሬም በእሱ ነው የምማረው።

ቅናት ነው ያደረገው ብዬ በቅናት አላመካኝም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፣ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የተበደሉትን አርብ አርብ ሆስፒታሉ ስሄድ አገኛቸዋለሁ። "ትምህርት እንዴት ነው?" ይሉኛል።

"ደህና ነው፣ ዶክተር" እላለሁ።