እጅ የተጫነባቸው ዕለት

ሰው ማስተማሩ አይደለም ያደከመኝ፤ አልሰበክሁም እያሉ ሲምሉ መኖር ነው። መካነ ሰላም ዳር፣ የቀን ሠራተኛና ልብስ አጣቢ በሚበዛበት ሰፈር፣ የእኛ የወንጌላውያን ድርጅት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስቆጥራል። መምህሩ እኔ ነኝ፤ ጠራጊውም እኔው። ከአጅባር መጥቼ ክፍሉን ስከፍት ለሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ቃል ገብቼ ነበር፦ ፊደልና ቁጥር ብቻ፣ ጸሎት የለም። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚጥለው፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናው ቅሬው ነው። እሱን አስቀይሞ እዚያ ሰፈር መኖር አይታሰብም።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው በስልክ የምትጽፍላቸውን ጎረቤት እያስነበቡ መኖር አንገፍግፏቸዋል። «የልጄን ገመና ሰፈሩ ሁሉ ከኔ በፊት ይሰማዋል» ይሉኝ ነበር። ጣታቸውን ሳሙና በልቶት እርሳስ መያዝ ያቅታቸዋል፤ ግን ቀርተው አያውቁም። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናታቸውን አጥበው፣ አብልተው፣ አገላብጠው ይመጣሉ።

አንድ ቀን የድርጅቱ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጣ። የሴትዮዋ እናት መታመማቸውን ሲሰማ ብድግ አለና እጁን ሴትዮዋ ጭንቅላት ላይ ጭኖ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጮክ ብሎ ጸለየ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ። የእንግዳ ምርቃት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ምን ያድርጉ? ነውረኛው እኔ ነኝ። ቃል የገባሁት እኔ፣ አፌን የዘጋሁት እኔ። ይባስ ብሎ ከኃላፊው ጋር ከመጡት አንዱ ስልኩን አቀብሎ «ፎቶ አንሣን» ሲለኝ አነሣሁ።

ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ «ጴንጤ ሆነች» አለ፤ ቅሬውም ሰረዛቸው። እናታቸው ደግሞ ያን ሰሞን እህል መቅመስ አቁመዋል።

«ማን ይቀብርልኛል?» አሉኝ ደጄ ላይ ቆመው።

«አብሽሩ እናቴ፣ እኔ አስረዳለሁ» አልሁ። ማስረዳት ለምዶብኛል።

ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፤ እሱ ነው የባሰ ያሳዘነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ብለምናቸው «አንተማ የሰው አገር ሰው ነህ፣ ነገ ትሄዳለህ። ቀብሩ የኛ ነው» አሉኝ። ቢሆንም ነገሩን ለቅሬው አቀረቡት። ሴትዮዋ ዳግመኛ እዚያ ክፍል ላይደርሱ በወረቀት ካረጋገጡ ይመለሱ ተባለ።

እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ፤ እኔም ጥግ ይዤ ቆምሁ። ጸሐፊው ማረጋገጫውን ጽፎ ሲጨርስ የጣት ቀለሙን ለሴትዮዋ አቀረበላቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ልየው» አሉ።

ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ቃል ላይ ተደናቀፉ፤ ልነግራቸው ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ዋጥሁት። ራሳቸው ደገሙት፣ ወጣላቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ጠየቁና ስማቸውን ጻፉ።

በኩራት ልቤ ሊፈነዳ ነበር፤ የፈረሙት ግን እኔ ዘንድ ላይመጡ ነው። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። ሰው እያየ ስለነበር ሰላም አላሉኝም።