ዘይቷ የጨመረ ማኪና

ሊማሊሞን ወጥቼ ደባርቅ ስደርስ የማኪናዋን ዘይት ለካሁ። መለኪያውን ብረት መዝዤ ሳየው፣ ዘይቱ ጠዋት ከአዲ አርቃይ ስነሳ ከነበረበት ከፍ ብሏል። ደግሜ ጠርጌ ለካሁ፤ ያው ነው። ማኪና ዘይት ትጠጣለች እንጂ ከየት አምጥታ ትጨምራለች?

እንግሊዞች ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ጥለዋት የሄዱ የወታደር ማኪና ነበረች። አንድ የጎንደር ነጋዴ ገዝቷት፣ እኔ ማሽላና ቆዳ አመላልስባት ነበር። ያን ቀን ዳገቱን የወጣችው እያቃሰተች ነው፤ ጋቢናውም ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

ዘይቱን በጣቶቼ መሃል ባሸው እንደ ውሃ ቀጥኗል። የራዲያተር ውሃ ገብቶበት ይሆን ብዬ ነበር፤ ግን ውሃ ቢሆን እንደ ወተት ይነጣ ነበር። ጨርቅ ነክሬ፣ ከማኪናዋ ርቄ ክብሪት ባስጠጋው ቦግ አለ። ቤንዚን ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አያድንም። ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፤ ወይም እኔንም ይዞ ይቃጠላል።

ከየት እንደሚገባ እያሰብኩ ቆሜ ሳለ፣ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። ፊት ፊት የሚመጣው ወጣት ገበሬ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት።

«አያ ሾፌር፣ ስለ እመብርሃን! ሚስቴ ናት። ምጥ ከያዛት ቆየ፣ መውለዱ እምቢ አላት። ጎንደር ሐኪም ቤት አድርስልን!»

ሴትዮዋ በጋቢ ተሸፍናለች። የሚታየው የቃሬዛውን እንጨት ጨብጦ የያዘው እጇ ብቻ ነው።

«ማኪናዋ ታማለች» አልኩት። «እንዲህ እንዳለች ብነሳ መንገድ ላይ ልትቃጠል ትችላለች። ሌላ ማኪና አላያችሁም?»

«ከየት ይመጣል?»

እውነቱን ነው፤ ከኔ በስተቀር ማኪና አልነበረም። «እንግዲያስ በሽታዋን ላግኝላት፤ ታገሱኝ» ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

የሴትዮዋ እናት ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጠው ያዩኛል። «ምነው ልጄ፣ ብረት ከሰው በለጠብህ?» አሉኝ።

መፍቻዬን አንስቼ እሳት ሰጪዎቹን ካንዴላዎች ፈታሁ። ቤንዚኑ ከአየር ጋር ከሚደባለቅበት ካርቡራተር ሞልቶ የሚወርድ ቢሆን ይረጥቡ ነበር፤ ደረቆች ናቸው። የቀረው የቤንዚን ፖምፓው ነው። ነቅዬ ምላሱን በእጄ ብገፋው፣ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተር በሚሄድበት ቀዳዳ መውጣቱን ትቶ ከታች ተንጠባጠበ። ሆዱ ውስጥ ያለችው ስስ ቆዳ ተቀድዳለች። ማኪናዋ በሮጠች ቁጥር ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ሲወርድ ነበር ማለት ነው። መለዋወጫ ግን አልነበረኝም።

ሴትዮዋ ጮኸች። ባልየው ዘሎ ተነሳ፤ ወደ እሷ መሄዱን ትቶ ወደ እኔ መጣ።

«አገኘኸው?»

«አግኝቼዋለሁ። አንተም ታግዘኛለህ።»

ሞተሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ክፍት እንዳይቀር ፖምፓውን መልሼ አሰርኩት፤ የቤንዚኑን ቱቦ ግን ነቀልኩት። የተበላሸውን ዘይት አፍስሼ፣ ለክፉ ቀን የያዝኩትን ዘይት ሞላሁ፤ የመለኪያውን የታችኛውን ምልክት እንኳ በጭንቅ ነካ። ከዚያ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ጋቢናው ጣሪያ ላይ ጭኜ፣ በላስቲክ ቱቦ ቁልቁል ወደ ካርቡራተሩ ወሰድኩት። ባልየው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጀሪካኑን እንዲያቅፍ ነገርኩት።

ሴትዮዋን ከኋላ፣ የማሽላው ጆንያዎች ላይ አስተኛናት። እናትየው ገል ሙሉ ፍም ይዘው ሊወጡ ሲሉ ከለከልኳቸው።

«የደባርቅ ብርድ ይግደላት?»

«እናቴ፣ እዚህ ላይ እሳት ከመጣ ማንም አይተርፍም!» ጮህኩባቸው። ካፖርቴን አውልቄ ሰጠኋቸው።

ዳባትን በደህና አለፍን። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንቃረብ ቱቦው ከጀሪካኑ አመለጠና ቤንዚኑ በመስታወቱ ላይ ወረደ። ሳልቆም ባልየው በአውራ ጣቱ ደፍኖ መልሶ ሰካው፤ ትከሻና ደረቱ ግን ርሷል። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ከውስጥ እንደ መዶሻ ይመታ ጀመር። የሞተሩን ዘንግ የሚይዘው ብሮንዚን ተበልቷል። ያን ድምፅ የሰማ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ነበረበት። እኔ ግን ከኋላዬ የሴትዮዋ ጩኸት ሲቀንስ ይሰማኝ ነበር፤ የባሰ ያስፈራኝም እሱ ነው። ማርሹን አቅልዬ፣ ማኪናዋን እየለመንኩ ነዳሁ።

ጎንደር ሐኪም ቤት በር ላይ ስንቆም ሞተሩ ሳላጠፋው ጠፋ።

ባልየው ማታ ላይ ከውስጥ ወጣ። ትከሻው በቤንዚን ቆስሎ ቆዳው ተልጧል፤ እሱ ግን ያወቀውም አይመስል። «እሷ ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም» አለኝ።

ሕፃኑ መቼ እንደሞተ የሐኪም ረዳቱን ድሬሰር ጠየቅኩት። «ይሄን ማን ያውቃል?» ብሎኝ አለፈ። ሞተሩን ስፈታ የቆየሁበት ጊዜ ያኔ ነው ደረቴ ላይ የተቀመጠው። ሳልፈታ ብነሳ ዳባትም አንደርስም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላሳረፈኝም።

ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት አይደረግለትም። አባቴ እዚያው ጎንደር የደብር ቄስ ነበሩና ሄጄ ነገርኳቸው። ከዚያ ካባም መስቀልም ሳይዙ፣ በነጠላቸው ብቻ ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለ ወይራ ሥር ቦታ አሳዩን፤ ባልየው ሲቆፍርም ከአጠገቡ አልራቁም።

ማኪናዋ ተጠግና ሴትዮዋም መቆም ስትችል፣ እኔው እሷን ጋቢና አስቀምጬ መለስኳቸው። ባልና እናት ከኋላ ነበሩ። ወገራን ስናቋርጥ ገብሱ አሽቷል። እሷ በመስኮቱ ታያለች። ዳባት ልንገባ ስንል ብቻ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴን ተቆጥተሃቸው ነበር አሉ።»

«አዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ካፖርትህ ደም ነክቶታል። አጥቤ እሰድልሃለሁ።»

«ይቅር» አልኳት። እሷ ግን ካፖርቱን ከጉልበቷ ላይ አላነሳችም፤ ደባርቅ ስትወርድም አጣጥፋ፣ ብብቷ ሥር ይዛው ሄደች።