ቡራዩ ብየዳ ቤት ውስጥ የተውኩት ክፍል

ከቡራዩ የወጣሁ ዕለት ታክሲ አልነበረም። በተቃውሞው የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ሱቆች መዝጊያቸውን አውርደዋል። አውሮፕላኔ ማታ ነው፤ እኔ ገና ቤቴ ነኝ። እናቴ "በቃ፣ እግዜር አላለውም" እያለች በሩ ተንኳኳ። ተማሪዎቼ ናቸው።

"ቲቸር፣ በውስጥ ለውስጥ እናደርስሻለን" አለችኝ ጫልቱ።

ሻንጣዬን ከጓደኛዋ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው፣ ጭቃ ለጭቃ አስኮ ድረስ ሸኙኝ። መንገድ የዘጉት ወጣቶች ባስቆሙን ቁጥር ጫልቱ ፈጠን ብላ "ባርሲስቱ ኬኛ" ትላለች፤ መምህራችን ናት ማለቷ ነው። ያሳልፉናል። ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ኬላ አለፍኩ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀና ብዬ የሄድኩበት የለም።

እኔ ወላጆቼ ከጎንደር መጥተው አዲስ አበባ የወለዱኝ ነኝ፤ የቤት ኪራይ ሲከብደን ቡራዩ ገባን። በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ፕሮግራሚንግ በነፃ አስተምራለሁ። መሥሪያ ቤቴ የጣላቸውን ላፕቶፖች እኔው ጠግኜ አስነሳኋቸው። መማሪያ ክፍሉን ብየዳ ቤታቸው ውስጥ የሰጡን በርና መስኮት የሚበይዱት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ብየዳ ሲጀመር የሰፈሩ መብራት ስለሚፈዝ "ቅዳሜ ከሰዓት አልበይድም፤ ኮረንቲው የናንተ ነው" አሉኝ። ገበያቸውን ትተው ማለት ነው።

ሉፕን፣ ማለትም ትእዛዝ መደጋገምን፣ ያስተማርኳቸው በታክሲ ረዳት ነው። "መኪናው እስኪሞላ 'ፒያሳ! ፒያሳ!' ይላል፤ ሲሞላ ያቆማል።"

"ሳይሞላ ቢቀርስ?" አለች ጫልቱ።

"ሲጮህ ይኖራል።"

"እንግዲያው የኔ ፕሮግራም የሆነው እሱ ነው" ብላ የማይቆመውን ስክሪኗን አዞረችልኝ።

አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያያይዘው የማስተር ፕላን ነገር ሲነሳ ፍርሃት በየቤቱ ገባ። የጫልቱ አባት እርሻ በመናገሻ በኩል ነው፤ ከተማው ሊውጠን ነው ብለው እንቅልፍ አጡ። እንደኛ ተከራይተው የመጡት ደግሞ የነገውን ፈሩ። የወላጆች ሰላምታ እየተቀዛቀዘ ሲሄድ፣ ልጆቻቸው ግን አንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ይሄን ሳስታውስ ዛሬም ደረቴ ይነፋል።

አንድ ቅዳሜ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡ።

"ወጣት ሰብስበሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ አንደኛው።

"ኮድ አስተምራለሁ።"

"ኮድ? ከማን ጋር የምትነጋገሩበት ነው?"

"ከኮምፒውተሩ ጋር።"

ስክሪኑ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ይሄ 'ራን' የሚለውስ? ሩጡ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወዴት ነው የሚሮጡት?"

ጫልቱ እጇን ሰዳ 'ራን' የሚለውን ነካችው። ስክሪኑ "አካም ጅርቱ" በሚል ሰላምታ ተሞላ። ሰውዬው ሳያስበው "ፈያ"፣ ደህና፣ ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሁኔታው እስኪረጋጋ ክፍሉ እንዲዘጋ አዘዘ። ቢሮም ጠርተው ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ካስቀመጡኝ በኋላ ሁለተኛ ወጣት እንዳልሰበስብ አስጠነቀቁኝ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሏት "ሂጂልኝ" ትለኝ ጀመር። ልሂድ አልሂድ እያልኩ ያቆየሁት የጀርመን የትምህርት ዕድል ነበረኝ። እሺ አልኳት።

ላይፕዚግ ገባሁ። ዝናቡ ነጎድጓድ እንኳ የለውም፤ ሳይናገር ይመጣል፣ ሳይናገር ይሄዳል። ዳቧቸው እንደ እንጀራ ይኮመጥጣል፤ ወጥ ግን የለውም። እኛ ጋ "እርስዎ" ለመባል ፀጉር መሸበት አለበት፤ እዚህ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሁሉም "እርስዎ" አለኝ። አከራዬ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ክሎዘ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ጠየቁኝ።

"ምግብ ያበስላሉ?"

"አዎ።"

"ሽታ ያለው?"

"ሽታ የሌለው ምግብ አላውቅም።"

ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። "መስኮት ከፍተው ያብስሉ።"

"በረዶ እየጣለ?"

"እንግዲያው ቶሎ ያብስሉ።"

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ያለው ሰውዬም አይረሳኝም። ትርፍ ጊዜዬን በምን አሳልፍ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ልጆች በነፃ አስተምር ነበር አልኩት።

"በነፃ ከሆነ ሥራ አይደለም" አለኝ።

"የኛ ቀበሌ እኮ ሥራ ነው ብሎ ነው ያስቆመኝ።"

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

አገር ቤት ያን ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጧል። ሰበታ፣ ሱሉልታ የሚሉ ስሞች በፈረንጅ አፍ ተሰባብረው ዜና ላይ ስሰማ ቤት እደውላለሁ። እናቴ በስልክ "ደህና ነን" ትላለች። "ልጆቹስ?" ስላት "ደህና ናቸው መሰለኝ።" ይቺ "መሰለኝ" ስንት ቀን አብራኝ ዋለች! ስደት ላይ ያላችሁ ታውቋታላችሁ።

በመጨረሻ ኢንተርኔቱ ተመልሶ አንድ ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። ጫልቱ ናት።

"ቲቸር፣ ክፍሉን ከፈትነው!"

እንደነገረችኝ፣ ኦቦ ገመቹ ሽማግሌዎች ይዘው ቀበሌ ሄዱ። "ልጆቹ መንገድ ላይ ቢውሉ ይሻላል ወይስ እኔ ቤት?" ብለው ጠየቁ። ተፈቀደ።

"ማን ነው የሚያስተምረው?" አልኳት።

"ጀማሪዎቹን እኔ ነኝ። በሁለቱም ቋንቋ።" ቀጠለች፤ "ቫሪያብልን በማዳበሪያ ጆንያ ነው የማስረዳቸው። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ያው ነው፤ ዛሬ ጤፍ፣ ነገ ገብስ ትጨምሪበታለሽ።"

እኔ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። እንባዬ አልቆም አለ።

ከጀርባዋ አንዲት ልጅ "ማን ናት?" አለች።

"እኔን ያስተማረችኝ።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

ጫልቱ መልሱን ከኔ እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ።

"በይ ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው፣ ዝጊው" አልኳት።

"አልዘጋውም። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው፣ ትሰሚያለሽ።"

አስቀመጠችው። ወንበር ሲጎተት፣ ሲንሾካሾኩ፣ የጫልቱ ድምፅ ጠንከር ብሎ ሲነሳ ሰማሁ። በኦሮምኛ ጀመረች፣ በአማርኛ ደገመችው፤ ከዚያ "ማን ይሞክራል?" አለች።

"እኔ! እኔ! እኔ!" ሲሉ እኔም ላይፕዚግ፣ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ፣ እጄን አወጣሁ።