ዳገቱ ላይ ብቻ የሚይዘው ሬዲዮ

«አሮጌውን ሬዲዮ መልስልን። እኔ እንዳልኩህ ግን እንዳትነግረው» አሉኝ እትዬ አስቴር፣ ባለቤታቸውን ውጭ መኪናው ውስጥ ትተው ሱቅ ገብተው።

በሰው አገር፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር፣ የመኪና ሬዲዮ እገጥም ነበር። ለባለቤታቸው ለጋሽ ሙሉጌታ ታክሲ በቅርቡ ዲጂታል ሬዲዮ አስገብቼላቸው ነበር።

«ድምፁ አልጠራም እንዴ?»

«መጥራቱ ነው የጎዳኝ። አሮጌው የቅዳሜውን የአማርኛ ፕሮግራም የሚይዘው ዌስተን የሚባለው ዳገት ላይ ስንወጣ ብቻ ነበር። ለብሼ፣ ቆሎ ይዤ፣ ሁለታችን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን እንሰማለን። ይሄ ሰውዬ ሥራ ሥራ ሲል እኔ የማገኘው ያኔ ነው። አሁን ፓርኪንጋችን ውስጥም ይይዛል። ባለፈው ቅዳሜ ብቻውን ወርዶ ሰምቶ ተመለሰ።»

ጋሽ ሙሉጌታ አዲሱን ሲረከቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ምን ብዬ እንደምነቅልባቸው ጨንቆኝ ከእትዬ አስቴር ጋር ወጣሁ።

ጋሽ ሙሉጌታ መሪው ጋ ተቀምጠዋል። አዲሱ ሬዲዮ ተነቅሎ ጭናቸው ላይ ነው።

«ተበላሸ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ዲጂታል አይበረክትም። የድሮውን ግጠምልኝ።»

ሬዲዮውን የነቀሉበትን ካቻቪቴ እጅጌያቸው ውስጥ ሲሸሽጉ እትዬ አስቴር አዩአቸው። ዞረው ከጎናቸው ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።